ጥቆማ፦ ለዓይነ ስውር ኮምፒውተር ተጠቃሚ ምን ይጫን? ኤንቪዲኤ፣ ጃውስ ወይስ ናሬተር

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። «ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ዓይነ ስውር ነው፣ ላፕቶፕ ገዝተንለታል፣ አሁን ምን እንጫንለት?» እኔም ማየት አልችልም፤ ሥራዬን ሁሉ የምሠራው በኮምፒውተር ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መልሱን ቀድሜ ልስጣችሁ። ኤንቪዲኤ ጫኑለት። የቀረው በኋላ ይታሰባል።

ሦስቱም ስክሪን ሪደር ናቸው። ለማያውቅ ሰው፣ ስክሪን ሪደር ማለት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና ሜኑ በድምፅ የሚያነብ፣ ጣታችን የነካውን ፊደል ሳይቀር የሚናገር ሶፍትዌር ነው። ማውስ አንይዝም። ሁሉም ነገር በኪቦርድ ነው።

ኤንቪዲኤ ነፃ ነው። የሙከራ ጊዜ የለው፣ ቀኑ አልፎ የሚቆለፍበት ነገር የለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። ከጓደኛው ከጄምስ ቴ ጋር ሆነው ኤንቪ አክሰስ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ነገሩን ስታስቡት ትክክል ናቸው፤ የሚያይ ሰው ስክሪኑን ለማየት ተጨማሪ ብር አይከፍልም፣ እኛ ለምን እንከፍላለን?

ለተማሪ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ፖርተብል ኮፒ፣ ማለትም ሳይጫን የሚሠራ ቅጂ፣ አዘጋጅታችሁ ፍላሽ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። የዩኒቨርሲቲ ላብ ወይም ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ «እዚህ ኮምፒውተር ላይ ምንም መጫን አይፈቀድም» ብትባሉ ፍላሹን ሰክታችሁ መክፈት ነው፣ ማውራት ይጀምራል። ስትጨርሱ ዘግታችሁ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። የፓስወርድ መግቢያው ገጽ ላይና አድሚን ፈቃድ የሚጠይቁ መስኮቶች ላይ ግን ፖርተብሉ አያነብም፤ ለነሱ የግድ የተጫነ መሆን አለበት።

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 7 ያላችሁ ደግሞ አዲሱን ኤንቪዲኤ አታውርዱ። ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው የ2023.3 ትውልድ ነው፤ እሱን ፈልጉ።

ወደ ጃውስ ልምጣ። ጃውስ አንጋፋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ ነው የወጣው። የሠራው ቴድ ሄንተር የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ የነበረ አሜሪካዊ ሲሆን በመኪና አደጋ ነው ዓይኑን ያጣው። ሶፍትዌሩ ጎበዝ ነው፣ ይህን የሚክድ የለም። ለከባድ የቢሮ ሥራ ይመቻል። አንድ መሥሪያ ቤት ለራሱ ያሠራውና ለስክሪን ሪደር የማይመች ፕሮግራም ካለ፣ ለጃውስ ስክሪፕት፣ ማለትም አነስተኛ የማስተካከያ ኮድ፣ ተጽፎለት እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል። ችግሩ ዋጋው ነው። ለዘለቄታው የሚገዛው ፈቃድ ሺህ ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ሳይከፈልበት ከተጫነ 40 ደቂቃ ሠርቶ ዝም ይላል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ነው። ፈተና ወይም አሳይንመንት ላይ ያለ ልጅ በየ40 ደቂቃው ሪስታርት ሲያደርግ አስቡት።

ክራክ የተደረገውን ጃውስ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚቀባበሉም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ማን እንደነካካው የማይታወቅ፣ የምትጽፉትን ፓስወርድ ሁሉ የሚያነብላችሁን ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ማስገባት ነው። ነፃውና ሕጋዊው እያለ ምን አስጨነቃችሁ? ጥራቱ ይወርዳል የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ዌብኤይም የሚባለው፣ ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች የሚሠራ የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የተጠቃሚዎች ጥናት ላይ «ዋና መጠቀሚያዬ ጃውስ ነው» ያሉት 40.5 በመቶ፣ ኤንቪዲኤ ያሉት 37.7 በመቶ ናቸው። ያለው ልዩነት ይህችው ነች።

ናሬተር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተርን አንድ ላይ ስትጫኑ ይነሳል። ከድሮው በጣም ተሻሽሏል። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን አይበቃኝም። እኔ የምጠቀምበት አዲስ ኮምፒውተር ስከፍት ነው፦ ናሬተርን አስነስቼ ኤንቪዲኤን አወርድና ናሬተርን አጠፋዋለሁ። የኤንቪዲኤ ኢንስቶለር ገና ሲከፈት ራሱ ማውራት ይጀምራል፤ የሚያይ ሰው አጠገብ እንዲቆም መለመን የለም።

ማክ ያለው ቮይስኦቨር ውስጡ አለለት፣ ኮማንድና ኤፍ 5 ነው። ሊነክስ የሚወድ ኦርካን ይሞክር። ስለነሱ ብዙ አልልም፣ እኛ አገር በብዛት ያለው ዊንዶውስ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ አማርኛው። ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ኤንቪዲኤ ተጭኖ እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ ያነባል፣ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ወይ ዘሎ ያልፈዋል ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ይናገራል። «አማርኛ አይችልም» ተብሎ ይዘጋል። ይችላል! ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ድምፅ ስለሌለው ነው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ ግን አማርኛ አለው። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኑና ኢስፒክን ምረጡ፤ ቀጥሎ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ብላችሁ አማርኛን ምረጡ። አለቀ።

ድምፁ የሮቦት ነው፣ አልዋሻችሁም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ ብዙ ቃል ላይ ይስታል። ጆሮ ግን ይለምዳል፣ ከዐውዱ ትረዱታላችሁ። ከለመዳችሁት በኋላ ፍጥነቱን እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚል የማይለየውን እናንተ ቁጭ ብላችሁ ትሰሙታላችሁ። ሌላ የምመክረው ሁለት ፕሮፋይል መሥራት ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ ድምፅ፣ አንዱ በአማርኛ ድምፅ። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ፒ ፕሮፋይል የሚሠራበትን ቦታ ይከፍታል። ለእያንዳንዱ አቋራጭ ቁልፍ ከሰጣችሁት በአንድ ጭነት ከቋንቋ ቋንቋ ትሻገራላችሁ።

ጥሩ የአማርኛ ድምፅ መስማት የፈለገ ደግሞ ኤጅ ብሮውዘር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ ይጫን። የማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ድምፆች አሉ፣ እውነትም ሰው ያነበበው ነው የሚመስሉት። ረጅም ጽሑፍ ለመስማት ደስ ይላሉ። ኢንተርኔት ግን የግድ ነው፣ ደግሞም የሚያነቡት ገጹን ብቻ ነው እንጂ ሜኑና ፋይል አያነቡም። ስለዚህ ኤንቪዲኤን አይተኩም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለሚያዩ ሰዎች ነው፤ መምህራን፣ ጸሐፊዎች፣ ኖት የምታካፍሉ ተማሪዎች። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል አትላኩልን። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ ያልሆኑት ፎንቶች ለዓይን አማርኛ ይመስላሉ እንጂ ውስጣቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ውስጡን ስለሆነ የምንሰማው «ኤል፣ ፐርሰንት፣ ኪው፣ ኮማ» ነው። ሙሉ ሃንድአውት እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ምን ይደረጋል? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ሰበብ የለም። ኪማን ነፃ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ በእሱ ጻፉ።

በስልክ ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነውም ያው ነው። ለእኛ ባዶ ገጽ ነው። ጉግል ድራይቭ ላይ ጭናችሁ በጉግል ዶክስ ብትከፍቱት አማርኛውን ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፤ ይሳሳታል ግን ከባዶ ይሻላል። ኤንቪዲኤ ውስጥ ኢንሰርትና አር የሚባለው ፎቶ ማንበቢያ ለእንግሊዝኛ ነው የሚረዳችሁ፣ አማርኛ አይሞክርም።

ዌብሳይት የምትሠሩም አላችሁ። አንድ ማመልከቻ ልሞላ አንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ገብቼ ታብ ስጫን የሰማሁት «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ ነው። የቱ «ላክ» ነው፣ የቱ «ሰርዝ»? ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ለእኛ ሁሉም አንድ ነው። ስም መስጠት የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው። ርዕሶቹንም በትክክል ርዕስ አድርጓቸው፤ ኤች ስንጫን ከርዕስ ርዕስ እየዘለልን ገጹን በቶሎ እንቃኘዋለን፣ ያለዚያ ከላይ እስከ ታች መስማት ነው።

ትንሽ ማየት ለሚችሉት ስክሪን ሪደር ላያስፈልግ ይችላል። ዊንዶውስንና የመደመር ምልክቱን ስትጫኑ ስክሪኑን የሚያጎላው ማግኒፋየር ይነሳል፣ ነፃ ነው። ዙምቴክስት የሚባለው ሌላ ማጉያ የተሻለ ነው ግን ይከፈልበታል።

ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ «ጃውስ ልግዛለት?» ትላላችሁ። ብሩን ፈጠን ባለ ላፕቶፕ ላይ አውሉት፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ያለው ይሁን፤ ስክሪን ሪደር ሲንቀረፈፍ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ከተረፈ ለኤንቪ አክሰስ ለግሱ። ማስተማር የሚችል ዘመድ ካለ ደግሞ ከ2025.1 ቨርዥን ጀምሮ ኤንቪዲኤ ውስጥ ሪሞት አክሰስ ገብቷል። ዋሽንግተን ሆናችሁ ባሕር ዳር ያለውን ልጅ ኮምፒውተር በራሳችሁ ኪቦርድ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ የሚተላለፈው ድምፅ ሳይሆን ጽሑፍ ስለሆነ ደካማ ኢንተርኔትም ይችለዋል። ሁለታችሁም ይህን ቨርዥን ወይም ከዚህ በኋላ የወጣውን ጫኑና አንድ ዓይነት የመገናኛ ቁልፍ አስገቡ።