ረቂቅ በነጻ ማንበብ፦ ውለታ ነው ወይስ «ፊደል ለቀማ»?

የደጀን ልጅ፦ ቅዳሜ ባሕር ዳር አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ነበርኩ። ስም አልጠራም፤ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ደራሲው መድረክ ላይ ወጥቶ «ረቂቄን ለማንም አላስነብብም፤ በነጻ የሚያነብ ሰው ሥራው ፊደል ለቀማ ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን የሰው ረቂቅ በሌሊት ስናነብ ዓይናችንን የጨረስን ነን። ብር አልጠየቅንም። ስድቡ ግን ከየት መጣ?

ጣና ዳር፦ እኔም ነበርኩ። ሙሉውን ንገራቸው እንጂ! ቀጥሎ «አርታኢ ከፍዬ አሠርቻለሁ» ነው ያለው። ለባለሙያ ከፈለ። ምኑ ነው ስድቡ?

የደጀን ልጅ፦ መክፈሉንማ እሰየው። «ፊደል ለቀማ» የምትለዋን ምን አስጨመረው?

ጨሞጋ፦ ቢለቀምስ? ባለፈው በእጄ የገባ ረቂቅ ላይ የአንድ ሰው ስም አንድ ምዕራፍ ላይ ኃይሉ፣ ሌላው ላይ ሀይሉ፣ መጨረሻ ላይ ሐይሉ ነው። ሦስት ወንድማማቾች መስለውኝ ነበር 😂

ጣና ዳር፦ አየህ፣ ራስህ መሰከርክ። የያዝከው ፊደል ነው።

ቢቸና፦ ጣና ዳር፣ ተወን እስቲ። እኔ አንድ ልጅ ልቦለድ ሰጥቶኝ አነበብኩለት። ታሪኩ እኛው አካባቢ፣ ገጠር ውስጥ ነው። ሠርጉን መጋቢት 15 ደግሶታል። በሬ ታርዶ፣ ጠጅ ተጥሎ፣ ቄሱም ተቀምጠው ይበላሉ። ሁዳዴ ላይ! የፈለገው ዓመት ይሁን፣ መጋቢት 15 ከሁዳዴ አያመልጥም። ይኼም ፊደል ነው?

የቡሬዋ፦ ወይ ጉድ 😂 ቄሱም አብረው?

ቢቸና፦ ቅልጥም ይዘው እንጂ! ልጁ አዲስ አበባ ነው ያደገው፤ አልፈርድበትም። የከፈለው አርታኢ ግን ሁለት ጊዜ አንብቦ አልፎታል።

የደጀን ልጅ፦ ከእኔ ደግሞ ይኼን ውሰዱ። ታሪኩ በደርግ ጊዜ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲመጣ ዓባይን በጃፓኑ ድልድይ ይሻገራል። እኛ በረሃው አፋፍ ላይ ነው ያደግነው። ያ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ደርግ ከወደቀ ከስንት ዓመት በኋላ!

ጣና ዳር፦ ልቦለድ ነው። ደራሲው ድልድዩን ቢያስቀድመው ማን ይከሰዋል?

የደጀን ልጅ፦ ማንም አይከሰውም። የደጀን ሰው ግን ገጹ ላይ ሲደርስ ይስቅና መጽሐፉን ያጥፈዋል። ያንን ሳቅ ከኅትመት በፊት እኔ ልሳቅለት አልኩ። በነጻ።

ልጅ እግር፦ ሁላችሁም የምትሸሹት ነገር አለ። ይሉኝታችን! እኛ ጎጃሞች ለጓደኛ «አልጣመኝም» ብለን እናውቃለን? አንድ ጓደኛዬ ግጥሞቹን ለስምንት ሰው ሰጠ። ስምንቱም «ጥሩ ነው፣ በርታ» አሉት። በርትቶ አሳተመ። አሁን መጽሐፉ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ነው። እና የበጎ ፈቃድ አንባቢ የሚባለው የበጎ ፈቃድ አወዳሽ ነው ብል ተሳሳትኩ?

ጣና ዳር፦ 👏👏 ደራሲው ያለውም ይኼንኑ ነው።

ጨሞጋ፦ አላለም። እሱ ያለው ፊደል ትለቅማላችሁ ነው። ልጅ እግር የሚለው ፊደል እንኳ አትለቅሙም ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱን ምረጥ!

የቡሬዋ፦ ልጅ እግር እውነት አለው፤ ጥፋቱ ግን ካጠያየቁም ነው። «እንዴት አየሽው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ምን መልስ ይጠብቃል? እኔ ረቂቅ ስቀበል አስቀድሜ «ጥያቄህን ጽፈህ ስጠኝ» እላለሁ። የት ላይ ሰለቸሽ፣ ገጹን ጻፊ። ማንን ከማን አምታታሽ? የት ላይ አላመንሽም? መጨረሻውን ቀድመሽ አወቅሽው ወይ? እንዲህ ሲሆን ይሉኝታ መግቢያ የለውም። ገጽ 40 ላይ ተኝቻለሁ ማለት ስድብ አይደለም። ተኝቻለሁ፣ በቃ። ደግሞ ለጓደኛ ብቻ አይሰጥም። አንዱ ከማያውቅህ ሰው ይሁን።

ልጅ እግር፦ ለማያውቀኝ ሰው ፒዲኤፍ ልላክና ማታ ቴሌግራም ቻናል ላይ ላግኘው?

ሕግ አዋቂ፦ ለመረጃ ያህል፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል። ማስመዝገብም ግዴታ አይደለም። ሥራው ወጥ ከሆነና ወረቀት ላይ ከሰፈረ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያንተ ነው።

ልጅ እግር፦ አዋጁን ለቻናሉ አድሚን አንብብለት እስቲ።

ሕግ አዋቂ፦ ፍርድ ቤት አለ።

ልጅ እግር፦ የታተመውን እንኳ ሙሉውን ስካን አድርገው በነጻ ሲበትኑት ማን ፍርድ ቤት ቆመ? ጠበቃው ከማተሚያ ቤቱ ይብሳል።

ቢቸና፦ እኔ በወረቀት ብቻ ነው የምቀበለው። ዳሩ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ እመልሳለሁ። ኔት ሲጠፋም አይቆምም።

የድሮ ሰው፦ ልጆች፣ ለእኛ ይኼ አዲስ ነገር ነው እንዴ? የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የማን አገር ናቸው? ተማሪው ቀኑን ሙሉ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ ይውላል፤ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ በጓደኞቹ ፊት ያርሙለታል፤ ካልሆነም ያፈርሱበታል። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ መወድስ እስኪደርስ ስንቱ ይፈርስበታል። ክፍያ የለም። ተማሪው ራሱ ቁራሽ ለምኖ አዳሪ ነው። እና በነጻ የሚሰማ ፊደል ለቃሚ ነው የሚል ሰው ጎጃም ውስጥ ቆሞ ነው የተናገረው?

የደጀን ልጅ፦ እድሜ ይስጥልኝ ጋሼ! ይኼን ነበር መድረኩ ላይ የሚያስፈልገው።

ጣና ዳር፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው። የኔታ በጎ ፈቃደኛ አንባቢ አይደሉም፤ መምህር ናቸው። ዓመታት ተምረው፣ ተመርቀው፣ ወንበር ተክለው ነው። ከቢሮ ሲወጣ ስልኩ ላይ ረቂቅ የሚያገላብጥ ሰውና የኔታ አንድ ናቸው?

የድሮ ሰው፦ አንድ ናቸው አላልኩም። ሳይከፈል የሚባለው ሁሉ ርካሽ አይደለም ነው ያልኩት። ደግሞ የሚሰሙት የኔታ ብቻ አይደሉም። ጓደኞቹም ይሰማሉ፤ ሲያንሸራትት ይስቁበታል።

ባለ ብዕር፦ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚያሰጋኝ። ሳንሱርን በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ተገላገልነው ስንል አሁን በበጎ ፈቃድ ተመለሰብን። አስር ሰው አስተያየት ይሰጥሃል፦ ይኼ ቦታ ያስቆጣል፣ ይኼን ሰፈር አትንካ፣ ገጸ ባሕርይዋ ከዚህ ወረዳ አትሁን። ሁሉንም ከሰማህ የሚተርፍህ ሽፋኑ ነው።

የቡሬዋ፦ ማን ሁሉንም ስማ አለህ? ሳንሱር ካላወጣህ አይታተምም ይልሃል። እኔ ባትሰማኝም ትታተማለህ። ልዩነቱ አይታይህም?

ባለ ብዕር፦ ወረዳው ትንሽ ነው እህቴ። ሳልሰማሽ አሳትሜ ገበያ ላይ ስንገናኝስ?

አዲስ ገቢ፦ ውጭ እኮ በሥርዓት ነው። ኔትጋሊ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበህ ከአሳታሚዎች በነጻ ትቀበላለህ፣ ታነባለህ፣ አስተያየት ትጽፋለህ። እኛም እንዲህ ያለ ነገር እንፍጠር።

ጨሞጋ፦ እሱ ሌላ ነው። እዚያ የሚላክልህ ሊወጣ የደረሰ መጽሐፍ ነው፤ አስተያየቱም ለገዢ ነው፣ ለማስተዋወቅ። ሠርጉን ከሁዳዴ የሚያወጣው ቤታ አንባቢ የሚሉት ነው፤ ረቂቅ ላይ እያለ፣ ለደራሲው ብቻ።

ጣና ዳር፦ ቤታ አልፋ... ፊደል ለቀማው ወደ ግሪክ ተሻገረ 😂

ጨሞጋ፦ አንተስ አንድ ረቂቅ አንብበህ ታውቃለህ?

ጣና ዳር፦ አንብቤያለሁ። ሁለት ወር ሠራሁለት። ምስጋና ገጹ ላይ ለቡና ቤቱ አስተናጋጅ ሳይቀር አመስግኖ እኔን ዘለለኝ።

የቡሬዋ፦ አሃ! ነገሩ እዚህ ነበር?

ጣና ዳር፦ አይደለም። ነጻ ሥራ ዋጋ የለውም የምለው አይቼው ነው።

የደጀን ልጅ፦ ምስጋና ስላልጻፈልህ የእኛን ድካም ፊደል ለቀማ ታደርገዋለህ? ዘላዩ እሱ ነው፤ ከእሱ ጋር ተጣላ።

ልጅ እግር፦ እሺ፣ ክርክሩ ይቆየንና እኔ 180 ገጽ አጭር ልቦለድ አለኝ። የቡሬዋ፣ ታነቢልኛለሽ? ለፋሲካ ማተሚያ ቤት ላስገባው ነው።

የቡሬዋ፦ ጥያቄህን ጽፈህ ላክ። ለፋሲካ ግን አይደርስም፤ ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው።

ልጅ እግር፦ ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ተቀብሎኛል እኮ።

ቢቸና፦ ሳይነበብ ቀብድ ከፈልክ?!

ባለ ብዕር፦ አሁን ደግሞ ቀብዱን ሊያርሙለት ነው።