«ማስጠንቀቂያ» ወይስ «ድንጋጤ»? ከቆሰለ ዓሣ ቆዳ ለሚወጣው ኬሚካል የሚስማማ ስያሜ

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥነ ሕይወት ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ዓሦች አዳኝ መኖሩን ከቆሰለ ዓሣ ቆዳ ወጥቶ በውኃው ውስጥ በሚሰራጭ ኬሚካል አማካይነት እንደሚያውቁ የሚያስረዳ ክፍል አለው። ኬሚካሉን «የማስጠንቀቂያ ኬሚካል» ብዬዋለሁ፤ ሆኖም ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር ይጎረብጠኛል። የተሻለ ቃል ያላችሁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የጎረበጠዎት በምክንያት ነው። «አስጠነቀቀ» የሚለው ግስ አድራጊ ይፈልጋል፤ ሌላው እንዲጠነቀቅ ብሎ መልእክት የሚሰድ አካል ከሌለ ማስጠንቀቂያ አለ ለማለት ያስቸግራል። እዚህ ላይ ግን እንዲህ ያለ አድራጊ የለም። ኬሚካሉ የሚገኘው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ነው፤ እነዚህ ሕዋሳት ወደ ውጭ የሚያፈስሱበት ቦይ ስለሌላቸው፣ የያዙት ነገር ወደ ውኃው የሚገባው የአዳኝ ጥርስ ቆዳውን ሲቀድድና ሕዋሳቱም አብረው ሲፈርጡ ነው። ዓሣው ተነክሷል እንጂ ማንንም አላስጠነቀቀም። ስለ ሕዋሳቱ ጥንተ አመጣጥ የሚመራመሩ አንዳንድ ሊቃውንትም የመጀመሪያ ሥራቸው ቆዳን ከጥገኛ ተውሳክና ከመሳሰለው ጉዳት መጠበቅ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

የመጀመሪያውን ስያሜ ያወጣው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ በንብ ጭፈራ ጥናቱ የምናውቀውና እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ የሆነው፣ በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነበር። ለይቶ ለማወቅ ሲል በትንሽ ቀዶ ምልክት ያደረገባትን አንዲት ሚኖው የተባለች ትንሽ ዓሣ ወደ መንጋዋ ሲመልሳት፣ መንጋው በድንጋጤ ሸሸ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1938 ለኅትመት አበቃ፤ ከቆዳው የሚወጣውንም በጀርመንኛ «ሽሬክሽቶፍ» አለው። «ሽሬክ» ድንጋጤ ነው፤ «ሽቶፍ» ደግሞ ነገር፣ ንጥረ ነገር ማለት ነው። ስያሜው የተነሣው ከተቀባዩ ስሜት እንጂ ከላኪ አሳብ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ «ድንጋጤ» ከአማርኛው የስሜት ቃላት መካከል ለምን እንደሚመረጥ ላስረዳ። «በረገገ» ብንል ፈረስ ወይም ከብት ድንገት ደንብሮ መሸሹን እንገልጻለን፤ ሽሽቱን ብቻ እንጂ ሌላውን አይይዝልንም። ሽታው የደረሳቸው ዓሦች ግን አንዳንዶቹ ተጠጋግተው ይሰበሰባሉ፣ አንዳንዶቹ ወደ መሸሸጊያ ይወረወራሉ፣ አንዳንዶቹም ከውኃው ግርጌ ሳይንቀሳቀሱ ይቀራሉ። የመጨረሻውን አማርኛ «ክው አለ» ይለዋል። «ደነገጠ» ሁሉንም ያቅፋል፤ ደንግጦ ሮጠ፣ ደንግጦም ቆመ እንላለን። ቃሉ በግእዝ «ደንገፀ» እንደነበረ፣ «ድንጋፄ» የሚለውም ከዚያው መሆኑን ለቃላት ወዳጆች ማንሣት እወዳለሁ።

የስያሜው ሁለተኛ ክፍልም ይታሰብበት። «መዓዛ» ለመልካም ነገር የተለየ ነው፤ «ሽታ» ሰፊ ነው፤ «ጠረን» ግን ከአካል የሚወጣና ባለቤቱን የሚያሳውቅ ነው፤ ላም ጥጃዋን የምትለየው በጠረኑ ነውና። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «የድንጋጤ ጠረን» ነው፤ የንጥረ ነገሩ ምንነት ሲነሣ ደግሞ «የድንጋጤ ንጥረ ነገር» ይባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ዜብራፊሽ በተባለች ትንሽ ዓሣ ላይ የተደረገ ጥናት ኮንድሮይቲን የተባለው የቆዳ ስኳር ስብርባሪ ድንጋጤውን ከሚያስነሡት አንዱ መሆኑን አሳይቷል፤ እንዲህ ላለው ዓረፍተ ነገር ሁለተኛው ይስማማል።

ሌላ አባል፦ በቃላቱ ትንታኔ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይቀራል። የጠያቂው ክፍል የሚናገረው ዓሦች አዳኙን ስለሚያውቁበት መንገድ ነው። ፓይክ የተባለውን አዳኝ አይተው የማያውቁ ፋትሄድ ሚኖዎች፣ የራሳቸውን ወገን የበላው ፓይክ የነበረበት ውኃ ሲጨመርባቸው ደነገጡ፤ ይህ ዓይነት የድንጋጤ ንጥረ ነገር የሌላቸውን ሶርድቴል ዓሦች የበላው ፓይክ ውኃ ግን እንዲህ አላደረጋቸውም። እዚህ ጠረኑ የሚመጣው ከተበላው በኩል በበላተኛው አካል አልፎ ነው፤ «የድንጋጤ ጠረን» ብቻ ይህን አይሸከምም።

መልስ፦ ትክክል ነው። ለዚህ «ፍንጭ» እንጨምር። ፍንጭ የሚሰጠው ሳያውቅም ሊሰጥ ይችላል፤ «ሌባው ፍንጭ ትቶ ሄደ» ስንል ሌባው ፈልጎ ተወው ማለታችን አይደለም። ፓይኩም ሳይፈልግ በአመጋገቡ ራሱን አሳጣ። ስለዚህ ለጠቅላላው ርእስ «የድንጋጤ ፍንጭ»፣ ለተጎዳው ቆዳ ሽታ «የድንጋጤ ጠረን» ብንል ሁለቱ አይጋጩም። «ነገሩ ሸተተኝ» የሚለው ፈሊጥ ለጽሑፉ መግቢያ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ እኛ ለጥርጣሬ በምሳሌ የምንናገረው በዓሣው ዘንድ ቃል በቃል እውነት ነውና።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ቆዳው የተቀደደው ዓሣ የድንጋጤ ጠረን ወደ ውኃው ይለቃል፤ ጠረኑ የደረሳቸው የወገኑ ዓሦችም ይህን ፍንጭ ተከትለው ይሸሸጋሉ።»

መልስ፦ «ይለቃል» የሚለው አድራጊውን መልሶ አስገባው። «ቆዳው ከተቀደደው ዓሣ የድንጋጤ ጠረን ወደ ውኃው ይወጣል» ቢሉት ይሻላል።