የጽዳት ሠራተኞቻችንን ከመርፌ መወጋት እንዴት ልጠብቃቸው?

በአንድ የግል ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ነኝ። ከአራት ቀን በፊት አንዲት ባልደረባዬ የቆሻሻ ከረጢት ተሸክማ ወደ ማቃጠያው ስትሄድ፣ ከጥጥና ከፋሻ ጋር የተጣለ ክዳን የሌለው መርፌ ስስ ጓንቷን በስቶ መዳፏን ወጋት። ወዲያው በውኃና በሳሙና አስታጠብኳት፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር ስላለበትም በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወስጃት፣ ለ28 ቀን የሚወሰደውን ጀምራለች።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን የሄፓታይተስ ቢ ጉዳይ ነው። ክትባቱ በሦስት ዙር የሚሰጥ ቢሆንም ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዳቸውም አልተከተቡም፤ አሠሪው «ክትባቱ ለነርሶች ነው» ይላል፣ ነርሶች የጣሉትን መርፌ በእጃቸው የሚያነሡት ግን እነዚህ እናቶች ናቸው። የመርፌ መጣያ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት ሲገባው፣ ተተኪ በጊዜው ስለማይቀርብ መርፌዎቹ ከአፉ ወጥተው እስኪታዩ ድረስ ይጠቀጠቃል።

በጤና ተቋማት በኢንፌክሽን መከላከል ሥራ ላይ ያላችሁ ባለሙያዎች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የተወጋችው እህታችን ክትባቱን አሁን ብትጀምር ይጠቅማታል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ የሚያስገድደውን ድንጋጌ ጠቅሼ ለክሊኒኩ ባለቤት ደብዳቤ ልጽፍ አስቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፋችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ክትባቱን፣ ወፍራም ጓንቱንና ሳጥኑን በአንድ ላይ ልጠይቅ ወይስ ክትባቱን ላስቀድም?