ክርክር፦ ለግራፍ ቲዎሪ ምርምር የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ?

ከፋቹ፦ አንድ ወዳጄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግራፍ ቲዎሪ ያጠናል፤ ነገሮችን በነጥብ፣ ግንኙነታቸውን በመስመር እየወከለ የሚያጠና የሒሳብ ዘርፍ ነው። ሥዕሉ ራሱ ግራፍ ይባላል። «ነጥብና መስመር እየሣልክ ነው ደመወዝ የምትበላው?» ይሉታል። ጥያቄው ይገባኛል፤ ድሃ አገር ነን። እኔ ግን ይውጣ ባይ ነኝ። በ1736 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የሒሳብ ሊቁ ኦይለር የኮኒግስበርግ ከተማን 7 ድልድዮች እያንዳንዱን አንዴ ብቻ ተሻግሮ ማዳረስ እንደማይቻል አሳየ። ጨዋታ ይመስል ነበር። በ2001 ተመራማሪዎች በዚያው ሐሳብ የተቆራረጠ ዲኤንኤን መልሶ የሚገጣጥም ዘዴ አሳተሙ።

የውሃ መሐንዲስ፦ ወንድሜ፣ 265 ዓመት ጠብቁ ልትለን ነው? ፓምፑ ተበላሽቶ መለዋወጫ የሚጠብቅ ሰፈር አለ። ደግሞ የዘርፉ ወሬ ከሥራው ይበልጣል። በ1999 ባራባሺና አልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች «ብዙ ኔትወርኮች (የግንኙነት መረቦች) እጅግ ብዙ ግንኙነት ያላቸው ጥቂት ነጥቦች አሏቸው፤ ሥርጭቱም አንድ ዓይነት ሕግ ይከተላል» አሉ። ዓለም ተቀባበለው። በ2019 ብሮይዶና ክላውሴት ወደ 1000 የሚጠጉ ኔትወርኮችን ፈተሹ። ለዚያ ሕግ እጅግ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው በ4 በመቶው ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ!

የሒሳብ መምህርት፦ ኢንጂነር፣ ያንን የፈተሹትም እኮ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ምርምሩ ባይኖር ማን ይነግረን ነበር? ወጪውስ ምንድን ነው? ወረቀት፣ ኮምፒውተርና ጊዜ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ክትባት አነሰ እንበል። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ መረጃ የለም። በ2003 ኮሄን፣ ሃቭሊንና ቤን-አቭራሃም የተባሉ ተመራማሪዎች መላ አመጡ። በዘፈቀደ የመረጡትን ሰው አይከትቡ፤ አንድ የሚያውቀውን ሰው ስም ይጠይቁትና እሱን ይከትቡ። ብዙ ሰው የሚያውቅ በብዙ ሰው ስለሚጠራ፣ የተጠራው ብዙ ግንኙነት ያለው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የሁሉም ሰው ግንኙነት ካርታ አያስፈልግም። መረጃ የሌለው አገር ከማንም በላይ ይህ ሒሳብ ያስፈልገዋል!

የውሃ መሐንዲስ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። መሬት ላይ ተሞክሯል?

የሒሳብ መምህርት፦ ለክትባት ሳይሆን ለጤና ምክር ተሞክሯል፤ ሆንዱራስ ውስጥ በ32 መንደሮች። ውጤቱ በ2015 ወጣ። በተጠሩ ወዳጆች በኩል ሲሄድ፣ ቫይታሚን የተጠቀመው ሰው በዘፈቀደ ከተመረጡት ይልቅ በዛ። የውሃ ማከሚያው ክሎሪን ላይ ግን ለውጥ አልመጣም። እውነቱን መደበቅ አልፈልግም።

የውሃ መሐንዲስ፦ ያው የኔ ውሃ ቀረ ማለት ነው! ግልጽነትዎን ግን አከብራለሁ። እኛ አገር ይሞከር ቢባል አልቃወምም። ለድንበር የለሽ ቲዎሪ በጀት መመደቡን ነው የምቃወመው።

ነርስ፦ ይቅርታ፣ ልግባ። ገጠር ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። እኛ ጋ «የምታውቂውን ሰው ስም ጥሪ» ብትሏት የዕድሩን ዳኛ ወይም ቄሱን ትጠራለች። ለማክበር ነው እንጂ በየቀኑ ስለምታገኛቸው አይደለም። «ትናንት ቡና የጠጣሽው ከማን ጋር ነው?» ብትሏት ሌላ ስም ይመጣል። መምህርት፣ ጥያቄው ሲቀየር ሒሳቡም ይቀየራል?

የሒሳብ መምህርት፦ በጣም ይቀየራል እህቴ! ሁለት የተለያዩ ግራፎች ናቸው። በየትኛው መክተብ እንደሚሻል እዚሁ ተቀምጦ የሚሠራው ሰው ነው የምለው።