የውሻዬ ማህፀን መግል ይዟል ተባልኩ፤ ኦፕራሲዮኑ ግድ ነው?

አዳማ ፍራንኮ ነው የምኖረው። ቡቺ 7 ዓመቷ ነው። ከወር በፊት ወንድ ፈልጋ ነበር። አሁን ውሃ ጠጥታ አትጠግብም፤ ሥጋ እንኳ ጠልታለች። ከኋላዋ መግል ይወርዳታል። ሐኪሙ ማህፀኗ ይውጣ አለኝ። በመርፌ ብቻ አይድንም? ልጆቼ እያለቀሱ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቂ! እኔ ውሻዬን መርፌ እያስወጋሁ ሦስት ቀን አባከንኩ። መግሉ ሲቆም የዳነች መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ውስጥ ታፍኖ ሆዷ እየተነፋ ነበር። እሱ ይብሳል፤ ማህፀኑ ሊፈነዳ ይችላል። የኔዋ በኦፕራሲዮን ነው የተረፈችው።

መልስ፦ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ቅርብሽ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ስፌቱን እንዳትልሰው ጠብቂያት።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ይዣት እወጣለሁ።