የእድራችን ማብሰያ ቤት እድሳት፦ የቱ ሥራ ይቅደም?

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የእድሳት ረቂቅ ይህ ነው። ልደታ ያለው አዳራሻችን ሲሠራ ማብሰያው የታሰበው ለእንጨት ምድጃ ነበር፤ ዛሬ አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተደርድሮበታል። በረቂቁ መሠረት የተሰባበረው ወለል ተነሥቶ አዲስ ሊሾና ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ማጠቢያው ይቀየራል። የኤሌክትሪኩና የፍሳሹ ሥራ ገንዘብ ሲጠራቀም ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ይሁን፤ ሰርግ የለም። ሐዘን ግን ቀጠሮ ስለማያውቅ ክፍሉን ግማሽ በግማሽ እየዘጋን እንሠራለን። ያላችሁን ሐሳብ ሁሉ እዚህ ጻፉ፤ ጉባኤው ፊት እርስ በርስ ከምንጨቃጨቅ እዚሁ ይለቅልን።

መሐንዲሱ አባል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና በቅደም ተከተሉ አልስማማም። ዘንድሮ ሴራሚክ አንጥፈን ለከርሞ ፍሳሽ እንቅበር ማለት አንዱን ወለል ሁለት ጊዜ መግዛት ነው። መሬት ውስጥ የሚቀበርና ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ገንዘቡ ካልበቃ የሚዘገየው ቀለሙና ቁም ሣጥኑ ይሁን፤ እነሱን በማንኛውም ጊዜ መጨመር ይቻላል።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን ዓመት የሚጠብቅ አይደለም። ባለፈው ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ሶኬት ስናስነቅል ጀርባው ከስሏል፣ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቋል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። አራቱ አንድ ላይ ሲሰኩ 64 አምፔር በአንድ መስመር እየጎተትን ነው። ለእያንዳንዱ ምጣድ ከራሱ ብሬከር የሚነሣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይዘርጋ፣ ቆጣሪውም ወደ ሦስት ፌዝ እንዲቀየር ማመልከቻው አሁኑኑ ይግባ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ በእኛ እጅ ስላልሆነ ከሁሉም የሚቀድመው ሥራ ይህ ወረቀት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጃችን የተናገረው ያስፈራኛል፤ ግን እውነት ነው። ቁም ሣጥኑ ይቅር እላለሁ፤ ሳህኑ እስከ ዛሬም በሳጥን ኖሯል። አንድ ነገር ግን ይጨመርልኝ፦ ፍሳሹ ከተቀበረ በኋላ ቢያፈስ ማን ይጠየቃል?

መሐንዲሱ አባል፦ እትዬ፣ ከመሸፈኑ በፊት የቧንቧው መውጫ ተደፍኖ ውሃ ይሞላና ያድራል። ጠዋት ደረጃው ካልወረደ ይሸፈናል። ተዳፋቱም በውሃ ልክ ይታይ፤ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ቧንቧው ያለፈበትን መስመር ከሜትር ጋር በስልክ ፎቶ እናንሣ፤ ነገ መደርደሪያ የሚሰቅል ሰው ሲበሳ ቧንቧውን እንዳያገኘው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው የፍሳሹ ክፍያ ከውሃው ሙከራ በኋላ ተብሎ በውሉ ይጻፍ። ቀብድ ተቀብሎ ስልክ የማያነሣ ባለሙያ ገጥሞን ያውቃል።

ንብረት ያዥ፦ እኔ ደግሞ ስለ ማጠቢያው ልናገር። ረቂቁ ላይ ባለ ሁለት ጉድጓድ ማጠቢያ ተብሎ ተጽፏል። ለብርጭቆና ለሳህን ያምራል። ትልልቁን ብረት ድስት ግን ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው፤ ወገብ ድረስ ተሸክሞ ማን ሊያወጣው ነው? ስለዚህ አሁንም ደጅ ቧንቧ ሥር በርከክ ብለን ነው የምናጥብ። ከወለሉ ጋር የተስተካከለ፣ በዝቅተኛ ጠርዝ የታጠረ፣ ሰፊ ገንዳ ይሠራልን፤ ቧንቧውም ድስቱ ከሥሩ እንዲገባ ከፍ ይበል። የሊጥ እጣቢና ቅባቱም ቀጥታ ወደ ዋናው ፍሳሽ አይሂድ። በየሰርጉ ማግስት በሽቦ የምንጎረጉረው በዚህ ምክንያት ነው።

መሐንዲሱ አባል፦ እናታችን ያሉት የፍሳሹን ቦታ በሙሉ ይቀይራል፤ ከመቆፈሩ በፊት መነሣቱ ጥሩ ሆነ። ከገንዳው ቀጥሎ ቅባት የሚያስቀር ክዳን ያለው ጉድጓድ ይግባ፤ ክዳኑ በቀላሉ የሚነሣ ይሁን፣ ካልተጠረገ ጥቅም የለውም። የገንዳው ልክ ሳይታወቅ ማንም አካፋ አያንሣ።

ግማሽ በግማሽ የሚለውን ግን አስልቼው አልሆነልኝም። ለቁፋሮና ለቧንቧ 14 ቀን ልያዝ። ሊሾው እንዲጠነክርና እርጥበቱ እንዲወጣ 28 ቀን፣ ለሴራሚኩ 7 ቀን። ሁለቱን ግማሾች ተራ በተራ ከሠራን መጠበቁ ሁለት ጊዜ ነው፤ 77 ቀን ይሆናል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ባንድ ጊዜ ከሞላነው በ49 ቀን ሴራሚኩ ያልቃል። ሊሾው በሚደርቅበት ጊዜ ደግሞ ሽቦው፣ የግድግዳው ልስንና ኮርኒሱ ይሠራሉ፤ ባለሙያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

የሙስሊም አባላት ተወካይ፦ በጾሙ ወቅት የእኛ ወገን ኒካህ ሊገጥም ይችላል። ቀኑ ከመቆረጡ በፊት መዝገቡ ይጠየቅ። ደግሞስ 49 ቀን ሙሉ ሰው ቢሞትብንስ የት ይበሰላል? ክረምት ይሻል ነበር የሚሉም አሉ።

ጸሐፊ፦ ክረምቱን እርሱት፤ ዝናብ እየወረደ ሊሾ አይደርቅም፣ ድንኳን ሥርም ጭቃ ነው። መዝገቡን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።

ንብረት ያዥ፦ ድንኳን አለን፣ ጉልቻም አይጠፋም፤ ወጡ ጓሮ ይሠራል። እንጀራውን ግን በእንጨት እንጋግር ብትሉኝ ልጆቹ ጭሱን አይችሉትም። ዕቃ ቤቱ ይራገፍና ሁለት ምጣድ ይግባበት።

መሐንዲሱ አባል፦ ሁለት ከሆነ ጊዜያዊ መስመር እስከዚያ እንስባለን፤ ባለ 4 ካሬው ሽቦ በኋላ ለዋናው ክፍል ያገለግላል። ሦስተኛ ምጣድ ግን እንዳይሰካ በሩ ላይ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ። «የቆጣሪው ማመልከቻ ወዲያውኑ ይገባል። የማጠቢያው ገንዳ፣ የምጣዶቹ ቦታና የጭስ ማውጫው በወረቀት ላይ ይወሰናሉ፤ ሴራሚኩም ከመርካቶ አስቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል። ማፍረስ የሚጀመረው ዕቃ ቤቱ ለእንጀራ ዝግጁ ከሆነ በኋላ ነው። የፍሳሹ ክፍያ የሚፈጸመው ውሃው አድሮ ከታየ በኋላ ነው። ቀለምና ቁም ሣጥን በቀረው ገንዘብ ይሠራሉ።» የሚቃወም አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሴራሚኩ ሲገዛ ለመተኪያ የሚሆን ትርፍ ካርቶን ይታከልበት፤ ዓመት ቆይተን ያንኑ ዓይነት ብንፈልግ አናገኝም። የሚያዳልጥ እንዳይሆንም። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ካልመጣ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ተጨምሯል። ቅዳሜ ረፋድ ግንበኛው የገንዳውን ልክ ለመውሰድ ይመጣልና ትልቁ ብረት ድስት ከዕቃ ቤት ይውጣ። የሚያነሡ ሁለት ጎረምሶች ከወጣቶቹ ይመደቡ።