«ማንም ልብ አይለውም» የተባለው የኢንተ ነገር

የማልሞው፦ ትናንት አንዱ ለኤስኤፍኢ (ለስደተኞች የሚሰጠው የስዊድንኛ ትምህርት) ጀማሪዎች ሲመክር «በማያያዣ ቃላት አትጨነቁ፤ ኢንተ (የስዊድንኛው የአሉታ ቃል) ከግሱ በፊት ገባ በኋላ ገባ፣ ማንም ልብ አይለውም» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ምክር ሰውን የሲ እና የዲ (የላይኞቹ ደረጃዎች) ፈተና ላይ ዋጋ ያስከፍለዋል። ኦክ (እና)፣ መን (ግን)፣ ኤለር (ወይም)፣ ፈር (ምክንያቱም)፣ ሶ (ስለዚህ) እና ኡታን (ይልቁንም) የቃላቱን ተራ አይነኩም፤ «መን ያግ ኮመር ኢንተ» (ግን አልመጣም) ይባላል። አት (እንደ-)፣ ኦም (ከ-፣ ብ-)፣ ኔር (ስ-) እና ኤፍተርሶም (ስለ-) ግን ቢሳትስ (ጥገኛ ሐረግ) ይከፍታሉ፤ እዚያ ኢንተ ከግሱ ይቀድማል፤ «ኤፍተርሶም ያግ ኢንተ ኮመር» (ስለማልመጣ)። ቢፍ የሚሉት ሕግ ይኸው ነው። ምኑ ነው የማያስጨንቀው?

ቀጥተኛው፦ መካሪው እኔ ነኝ። ስዊድኖቹ ራሳቸው «ሀን ሳ አት ሀን ኮመር ኢንተ» (እንደማይመጣ ተናገረ) ይላሉ። አፉን ያልፈታ ሰው ላይ ሕግ ከጫንክበት ጭራሽ ዝም ይላል።

የኡፕሳላዋ፦ ወንድሜ፣ ያመጣኸው ምሳሌ ለአት ነው፤ ያውም እንደ «ሴየር» (ይላል) እና «ትሩር» (ያምናል) ካሉ ግሶች በኋላ። የስዊድን አካዳሚ በ1999 ያወጣው ትልቁ ሰዋስውም ይህን አጠቃቀም መዝግቦታል። «ኦም ሀን ኮመር ኢንተ» (ካልመጣ) የሚል ስዊድናዊ ግን አምጣልኝ። «የ-» በሚለው በሶምም ያው ነው፤ «ማነን ሶም ኢንተ ቪል» (የማይፈልገው ሰውዬ) እንጂ «ማነን ሶም ቪል ኢንተ» አይባልም። «ማንም» ያልከው ማንን ነው?

ቀጥተኛው፦ ዴርፈር አትስ (ምክንያቱም)? «ዴርፈር አት ያግ ሂነር ኢንተ» (ጊዜ ስለማይበቃኝ) ሲሉ አልሰማሽም?

የኡፕሳላዋ፦ በንግግር ይሰማል። ማመልከቻ ላይ ግን «ዴርፈር አት ያግ ኢንተ ሂነር» ብለህ ጻፍ። ኢንተን ከግሱ በኋላ ማድረግ ከቀለለህ ፈርን ውሰድ፤ «ፈር ያግ ሂነር ኢንተ»። ፈር ግን መሃል ላይ እንጂ ዓረፍተ ነገር መክፈቻ ላይ አይሆንም፤ ምክንያቱን ማስቀደም ከፈለግህ ያለህ ኤፍተርሶም ነው።

የቬስተሮሱ፦ ልጆች፣ ኢንተ ላይ ስትነታረኩ ዋናው ጉድ አለፋችሁ። እኛ በአማርኛ «ዝናብ ስለሚዘንብ ቤት እቀራለሁ» ብለን ምክንያቱን እናስቀድማለን። ስለዚህ ስዊድንኛውንም በኤፍተርሶም እንከፍትና «ኤፍተርሶም ዴ ሬግናር፣ ያግ ስታናር ሄማ» እንላለን። ስህተት ነው። ያ ሁሉ ቢሳትስ አንደኛውን ቦታ ይዞታል፤ ግሱ ሁለተኛ መምጣት አለበት፤ «ኤፍተርሶም ዴ ሬግናር ስታናር ያግ ሄማ»። ዴርፈር ብቻውን ሲመጣም እንደዚያው ነው፤ ማያያዣ ሳይሆን ተውሳከ ግስ ስለሆነ ቦታ ይይዛል፤ «ዴርፈር ስታናር ያግ ሄማ»። በሶ ከሆነ «ሶ ያግ ስታናር ሄማ»። የአማርኛው «ስለዚህ» ሁለቱንም ስለሚሸፍን የእኛ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

የማልሞው፦ ጋሼ፣ ይህንንም ማንም ልብ አይለውም ይሆን? ቀጥተኛው ይመልስልን።

ቀጥተኛው፦ የጋሼን ተቀብያለሁ፤ እሱ ጆሮ ላይ ይጎረብጣል። የእኔ ንግግር ስለ ኢንተ ነበር።

ሰናይት ከሉንድ፦ በኦክ እና በመን ዓረፍተ ነገር መጀመርስ ክልክል አይደለም እንዴ? እሱንም አንሱት።

የኡፕሳላዋ፦ ክልክል አይደለም፣ እህቴ። የስዊድን የቋንቋ ምክር ቤት ስፕሮክሮዴትም ይፈቅደዋል። የሚያስጠላው እያንዳንዱን መስመር በኦክ መክፈት ነው። ከዚያ ይልቅ መንን እና ኡታንን ለዩ፤ አማርኛው «ቡና ሳይሆን ሻይ» በሚልበት ቦታ «ኢንተ ካፈ ኡታን ቴ» ነው። ፊተኛው በአሉታ ፈርሶ ኋለኛው ከተተካ ኡታን፣ ካልተተካ መን።

የማልሞው፦ ወደ ኢንተ ልመልሳችሁ። ፋስትን እዩ። «ያግ ጎር ፋስት ያግ ኢንተ ቪል» ማለት ባልፈልግም እሄዳለሁ ነው። «ያግ ካን ጎ፣ ፋስት ያግ ቪል ኢንተ» ደግሞ መሄድ እችላለሁ፣ ግን አልፈልግም። የኢንተ ቦታ ሲቀየር ፋስት «ቢሆንም» መሆኑ ቀርቶ «ግን» ሆነ። ልብ የማይለው ማነው?

ቀጥተኛው፦ ፋስትን ለቢ ተማሪ ታስተምራለህ? እኔ የመከርኩት ጀማሪን ነው።

የማልሞው፦ «ማንም» ነው ያልከው። ጀማሪ አላልክም።

ቀጥተኛው፦ ለጀማሪ የተጻፈ ምክር ለማን ሊሆን ነው?

የኡፕሳላዋ፦ ለጀማሪ ከሆነማ ይብሳል። ቢ ላይ «ኦም ያግ ካን ኢንተ» (ካልቻልኩ) እያለ የለመደ ሰው ዲ ላይ ማን ያስተወዋል?